ማስመስከር፦ የሙዚቃ መምህር በአካልና በርቀት እንዴት ሲሠለጥን ኖረ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ሙዚቃ መምህራን ሥልጠና ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ጊዜው ገጥሞ ነበር። በማስተምርበት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ (ስሙ ይቅር) የክረምት ሠልጣኞች ትምህርት ከሞላ ጎደል ወደ ኦንላይን ይዙር የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። አንዱ ወገን ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፣ ለምን ለመኝታና ለምግብ ብር እናወጣለን ይላል። ሌላው ደግሞ «ሙዚቃ በስልክ?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ጥያቄው በኮሮና ጊዜ የተወለደ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ባየሁት ቁጥር፣ የሀገራችን የዜማ ትምህርት ይህንን ጥያቄ ገና ኤሌክትሪክ ሳይታወቅ ተጨንቆበት እንደነበር ነው የሚገባኝ። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማው አባት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ዓይነቶችም የእሱ ናቸው ይባላል። ዜማው ለረጅም ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ነበር የሚሄደው። ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት በኋላ፣ መጻሕፍት ከተቃጠሉና ሊቃውንት ካለቁ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳዘጋጁ ይነገራል። ምክንያቱን ልብ በሉልኝ፤ መምህሩ ሲሞት ዜማውም አብሮት እንዳይሞት ነው። ከሞተ ሰው ጋር ያለውን ርቀት የሚያህል ደግሞ ምን ርቀት አለ?

ድጓ ገልጦ ያየ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። ከግዕዙ ቃል በላይ ትንንሽ ፊደላት ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክና ቁርጥ ይገባሉ። ያሬድ ትምህርት ቤት ሳለን ይህንን ከአምስት መስመሩ የፈረንጅ ኖታ ጋር እያስተያየን እንከራከር ነበር። የፈረንጁ ኖታ ዜማውን በጭራሽ ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ጭምር እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንደሚልና ስንት ምት እንደሚቆይ ለመንገር ይሞክራል። የድጓው ፊደል እንዲህ አይደለም። ሌላ ቦታ የተማርከውን የዜማ ሐረግ ስም በምህጻር ይጠራልሃል፤ «ያንን ዜማ እዚህ አምጣው» ይልሃል። ያንን ዜማ ከየኔታ አፍ ያልሰማ ተማሪ ፊደሉን ሲያይ ዝም ነው የሚለው። ምልክቱ የተሠራው በአካል ተምሮ ለወጣ ሰው ነው። ብራና ላይ መስፈር የሚችለውና የማይችለው ምን እንደሆነ እነዚያ ሊቃውንት አጥርተው ያወቁ ይመስለኛል።

ከምልክቱ በላይ የሚገርመኝ ግን ሥርዓቱ ነው። የዜማ ተማሪ ውዳሴ ማርያሙን፣ ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን በሸዋም በጎጃምም በወሎም ባገኘው መምህር ሥር ይማራል። ከየኔታ ጋር የሚቀመጠው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ቀን ብቻውንም ሆነ ከጓደኛው ጋር ይቀጽላል። የሚማርበትን መጽሐፍም ብዙ ጊዜ ራሱ እየጻፈ ነው። በስተመጨረሻ የድጓ መምህር ልሁን ካለ ግን ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት አገር ካለችው ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ እንደሚኬደው ማለት ነው። ቃሉ ራሱ ግሩም ነው፦ ማስመስከር። «ዐውቄዋለሁ» ማለቱ አይበቃም፤ የሚያውቁ ሰዎች በጆሯቸው ሰምተው ይመሰክሩልሃል። በየሀገሩ የተማረ ሰው ዜማ፣ ሳይታወቀው ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፤ አንዱ ጋ ርክርኩ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ይዘቱ ያጥራል። ቤተልሔም ይህንን ሰምታ ታቀናለች። ተማሪው ሁሉ እዚያ ከፊደል ጀምሮ ይቀመጥ ቢባል ኖሮ አገሩን የሚሞላ መምህር አይገኝም ነበር። ማንም አይምጣ ቢባል ደግሞ አንድ ድጓ አይኖረንም ነበር።

የዓለማዊው ሙዚቃ መንገድ ሌላ ነው፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ አርመን ልጆችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሠራው ኔርሴስ ናልባንድያን፣ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፤ ይህ ሁሉ የአካል ትምህርት ነበር። አለቃው ፊት ትቆማለህ፣ ትነፋለህ፣ ትቆጣለህ። ብዙ ጥሩ ተጫዋች ወጣበት። አስተማሪ ሆኖ የወጣ ግን፣ ማስተማሩን ለብቻው ተምሮት ሳይሆን አለቃው ሲያደርግ ያየውን ይዞ ነው።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበር። አሜሪካ ኢስትማን ተምሮ የመጣ፣ ኋላም በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን የያዘ የሙዚቃ ተመራማሪ ነው። ሕንፃው በቡልጋሪያ መንግሥት እርዳታ ተሠራ፤ ከቡልጋሪያ አስተማሪዎችም መጡ። ትምህርት ቤቱ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። ከእናንተ መካከል በዚያ ግቢ ያለፋችሁ፣ በየክፍሉ በር ላይ ቆማችሁ በአንዴ ቫዮሊን፣ ክላሪኔት፣ ክራርና ሶልፌጅ የሰማችሁ ጊዜ ትዝ ይላችኋል። አንድ አስተማሪ ለአንድ ተማሪ። ለተጫዋች ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፣ እኔም ያደግሁበት ነው።

ሒሳቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ለአንድ እያስተማርክ በዓመት ጥቂት አሥር ሰው ታስመርቃለህ። በኢትዮጵያ ያሉት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥር በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ሲደረግ፣ ሒሳብና አማርኛ የሚያስተምረው ሰው ሙዚቃም አስተማሪ ሆነ። የቅርቡ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የክወናና የእይታ ጥበባት ብሎ ሙዚቃን ከቴአትር፣ ከዳንስና ከሥዕል ጋር አንድ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። መጽሐፉ ደረሰ፤ ዜማውን ከመጽሐፉ አንሥቶ ስልሳ ሕፃን አፍ ላይ የሚያደርሰው ሰውስ? የክረምት ሥልጠናው የመጣው ለዚህ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር ይቆይና ሐምሌና ነሐሴ ኮሌጅ ገብቶ ይማራል።

ርቀትን የሞከርነውም ዛሬ አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ በክፍላችን መስኮት ላይ የተቀመጠው የትምህርት በሬዲዮ ሣጥን ዘፈን ያሰማን ነበር። ድምፁ ሲንኮሻኮሽ የክፍላችን መምህርት ራሷ ትቀጥለው ነበርና እኛ የያዝነው የሷን ነው። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማም ታስታውሳላችሁ፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና መልስ ሳይጠብቅ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል እየተባለ ስንት ቀልድ ተቀለደ። ይህ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካም ውስጥ ዋልተር ዳምሮሽ የተባለው የኦርኬስትራ መሪ ከ1928 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. በኤንቢሲ ሬዲዮ ለትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ትምህርት ያስተላልፍ ነበር፤ ለመምህራንም መመሪያ መጽሐፍ ይላክላቸው ነበር። ፕሮግራሙ የሚያስተምረው ማድመጥን ነው። ልጆቹን ማዘመር ለክፍሉ መምህር የተተወ ሥራ ነበር። ሬዲዮ የሚችለውን ሠራ፣ የማይችለውን አልነካም።

ወደ 2012 ዓ.ም. ልምጣ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። በዚያ ክረምት ግቢ የሚገባ ሠልጣኝ አልነበረም። ኮሌጁ «በምትችሉት መንገድ አስቀጥሉ» አለን። እኛም የምንችለው ቴሌግራም ሆነ። መስመሩ ሲመለስ ሠላሳ አራት ሰው ያለበት አንድ ግሩፕ ከፈትን።

ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ከድምፅ መልእክቱ ነው። ክራር የማስቃኘው ለምሳሌ እንዲህ ነበር፦ ቅኝቱን ትዝታ አድርጌ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እየመታሁ፣ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ድምፅ እልካለሁ። ሠልጣኙ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ያወርደዋል፣ ቤቱ ገብቶ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይሰማዋል፣ የራሱን ቀድቶ ይልካል። እኔም «ሦስተኛው ክር ወርዷል» ብዬ እመልሳለሁ። አንዱ ክራር ስላልነበረው ከዘይት ቆርቆሮና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሠርቶ፣ ባቲን ከአንቺሆዬ ለይቶ የሚያሰማ ቅኝት ልኮልኛል። ክፍል ውስጥ ቢሆን አንድ ጊዜ ሰምቶ፣ ተራው አልፎት፣ አፍሮ ዝም ይል ነበር። ይኼ ምንድነው ብትሉ ቅጸላ ነው፤ የጥንቱ፣ ተማሪው ለብቻው የሚደጋግመው። የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ የሙዚቃ ታሪክ፣ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት፣ ያለፉ ሰዎችን ቅጂ መስማት፤ ይኼ ሁሉ በስልክ ሄደ። እንዲያውም ከክፍሉ በተሻለ ሄደ ብል አላጋነንሁም።

በቀጥታ፣ ፊት ለፊት በቪዲዮ ስንገናኝ ግን ሌላ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። በቪዲዮ ጥሪ ድምፁ ሄዶ እስኪደርስ ከሰከንድ አንድ ሰባተኛ የሚሆን ጊዜ ከዘገየ (የእኛማ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጥ ነበር) አብሮኝ የሚዘምረው ሰው ሃምሳ ሜትር ርቆ፣ የኳስ ሜዳ እኩሌታ ማዶ ቆሞ እንደሚዘምር ማለት ነው። እኔ አጨበጭባለሁ፤ የእሱ ጭብጨባ ይዘገያል፤ ልጠብቀው ስል እሱም ይጠብቀኛል፤ ዜማው እየተጎተተ ይሞታል። አውጪና ተቀባይ ያለበት ዘፈን ጭራሽ አይታሰብም፤ ተቀባዩ የሚገባው አውጪው ሳይጨርስ፣ ትንፋሹን ሰምቶ ነውና። ሌላም አለ። የጥሪው ፕሮግራም ሰው ማውራቱን እንጂ ሙዚቃን አያውቅም፤ ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅ የማሽን ጩኸት መስሎት ይቀንሰዋል። አንዱ ባልደረባዬ በገና ሊያሳይ ተቀምጦ፣ ያ ከቆዳ የሚወጣው ንዝረት፣ በገናን በገና ያደረገው ማለት ነው፣ ለእኛ የደረሰን እየተቆራረጠ ነው። መጀመሪያ በገናው የተበላሸ መስሎት ሲፈታና ሲያጠብቅ ቆየ። ኋላ ድምፅ ማጣሪያውን ማጥፋት እንደሚቻል ደርሰንበት ትንሽ ተሻሻለ።

ለእኔ ግን ዋናው ችግር መሣሪያውም መዘግየቱም አልነበረም፤ ቴክኖሎጂ ይሻሻላል፣ ነገ ይህም ይፈታ ይሆናል። ዋናው ችግር የታየኝ ሠልጣኞቹ በቀጣዩ ዓመት ወደ ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ ላይ ሄጄ ስመለከት ነው። አንዲት በግሩፑ ከሁሉ የበለጠች የነበረች መምህርት ነበረች፤ ጆሮዋ ጥሩ፣ ዕቅዷ ንጹሕ። ሃምሳ ስምንት ልጆች ፊት ቆማ ዘፈኑን አስጀመረች። ልጆቹ ጀመሩ፤ ከኋላ በኩል ያሉት ወንዶች ልጆች በሌላ ቁመት፣ መሐሉ በሌላ፣ ሁሉም እየጮኸ። ቆማ ሰማቻቸው። ከየት ይጀመራል? ስልክ ላይ የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ነው፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ዝም። ክፍል ውስጥ ሃምሳ ስምንቱም በአንዴ ነው የሚመጡት። የሙዚቃ መምህር ሥራ ከዚያ ጩኸት ውስጥ የትኛው ጥግ እንደወረደ መስማት፣ ከየት በኩል እንደሚታረም መወሰን፣ ይህንንም ዘፈኑ ሳይቆም ማድረግ ነው። ይህ ጆሮ የሚገኘው ብዙ ሕፃናት አንድ ክፍል ውስጥ ሲዘምሩ፣ ከጎንህም የሚያውቅ ሰው ቆሞ «ስማ፣ የመስኮቱን በኩል ስማ» ሲልህ ነው።

ወንዶች መምህራን ላይ ያየሁትን ደግሞ ልጨምር፣ ብዙዎቻችሁ በየክፍሉ የምታውቁት ነው። ሰውየው በራሱ ጎርናና ድምፅ ይጀምራል። ሕፃኑ የሰማውን ሊመስል ይሞክራል፤ እዚያ ታች መድረስ አይችልምና ያጉረመርማል፣ ወይም መዝፈኑን ትቶ በዜማ ያወራል። መምህሩ «እነዚህ ልጆች ጆሮ የላቸውም» ይላል። ጆሮማ አላቸው፣ ቁመቱ ነው ያልተሰጣቸው። ይህንን በጽሑፍ ሦስት ጊዜ ልኬዋለሁ፤ ሁሉም አንብበውታል፣ በፈተናም መልሰውታል። በክረምት ግን የሠፈር ልጆች በዳቦና በሻይ ሰብስበን፣ ሠልጣኙ ዝቅ አድርጎ ሲጀምርና ከፍ አድርጎ ሲጀምር ልጆቹ ፊታቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ አንድ ከሰዓት ሲያይ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረሳው አይችልም።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ። ኦንላይን ይሁን የሚሉት ባልደረቦቼ ባዶ እጃቸውን አይደለም የመጡት። ለሁለት ወር መኝታ፣ ምግብ፣ የመጓጓዣ አበል፣ አራት ሰው የሚሻማበት አንድ ክራር፤ ይህ እውነት ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን የአንዲት ሠልጣኝ ነገር ነበር። በ2012 ክረምት አራስ ነበረች። ልጇን እያጠባች የድምፅ መልእክቷን ስትልክ ከኋላ የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማ ነበር። በወትሮው ሥርዓት ብትሆን ያን ዓመት ታቋርጥ ነበር፤ ያቋረጡ ስንቶቹ ናቸው የተመለሱት? «ቲቸር፣ ይህ ባይሆን ኖሮ እኔ የለሁም» ብላኛለች። ሁሉም ሁለት ወር ግቢ ይቀመጥ የሚል ሰው ለእሷ የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይገባል። እኔ ስስቅ የነበሩትን ወገኖች የተለየኋቸው በዚህ ነው።

የቀረበው ሐሳብ ግን አካሉን ወደ አንድ ሳምንት ያወርደውና፣ ያችንም ሳምንት በጽሑፍ ፈተና ይሞላታል። ይህ ብራናውን አስቀርቶ የኔታን ማስወጣት ነው። በስብሰባው ላይ ያቀረብኩት ሌላ ነበር፤ እንደ ቤተልሔም መንገድ ቢሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት በአካል ይግቡ፤ መሣሪያ አያያዝ፣ ቅኝት በጆሮ፣ ከሕፃናት ጋር መዘመር፣ አውጪና ተቀባይ። ይህ ጆሯቸው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚላክላቸው ድምፅና ጽሑፍ የሚያውቁትን ነገር ይጠራላቸዋል። ከዚያ በጋውን በሙሉ በስልክ ይቀጽሉ፤ ንድፈ ሐሳቡም፣ ታሪኩም፣ ዕቅዱም በዚያ ይሂድ። በስተመጨረሻ ሁለት ሳምንት ተመልሰው ያስመስክሩ፤ ወረቀት ላይ ሳይሆን የልጆች ክፍል ፊት። አራስ የሆነች፣ የታመመ፣ መንገድ የተዘጋበት ቢኖር የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት በቀጣዩ ዓመት ያድርግ፤ የመጨረሻውን ግን ማንም አይለፈው።

ክፍላችን ከሁለት ስብሰባ በኋላ ይህንን ለአንድ ዓመት እንሞክረው ብሎ ተቀብሏል። አስተዳደሩ የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ወደ ሁለት አውርዶታል፤ የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ግን እንዳለ ትቶታል። ሙከራው የሚጀመረው በመጪው ሐምሌ ነው። አሥራ አንድ ክራር አለን፣ ስምንቱ ክር ይፈልጋሉ። ከሁሉ የሚቸግረን ግን የሚያደምጥ ሰው ነው። አንድ ሠልጣኝ ሲያስመሰክር ቢያንስ ሁለት የሚያውቅ ጆሮ መኖር አለበት፤ እኛ ያለነው አራት ነን፣ ሠልጣኞቹ ደግሞ ሰባ ገደማ ናቸው። ከማኅበራችን አባላት መካከል በየትምህርት ቤቱ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በየባንዱ ያሉ፣ በየክልሉ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሁለትም ሦስትም ቀን መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማድመጥ የሚችል ሰው፣ በመገናኛችን ዕለት ከሻይ በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል። ዳቦውና ሻዩ በእኛ ነው።